ግመላችን እንደ ፈረስ የተራመደበት ዕለት

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ስድሳ ዓመት ሞልቶኛል፤ ዓይኔም ስክሪን ላይ ያለ ትንሽ ፊደል አላነብም ብሎ ካመፀ ቆይቷል። በሳምንቱ ኤምባሲ የምትሠራ ጎረቤቴ ምሳ ጠርታኝ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ፣ "ትርሲትዬ፣ አንቺ በዚህ ዕድሜሽ የልጆች የስልክ ጨዋታ ስትሠሪ ነበር የሚባለው እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ጨዋታ ያስለቀሰኝም፣ ያስተማረኝም ሥራ የለም። ስለዚህ እንዴት እንደነበረ ልጻፈው፤ የሠራሁትን ብቻ ሳይሆን ያበላሸሁትንም ጭምር።

የተወለድኩት አዳማ ነው። ሒሳብ ተምሬ አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፤ እዚያም ለሃያ ስድስት ዓመት የሠራተኛ ደመወዝ የሚያሰላውን ፕሮግራም ስጠብቅ ኖርኩ። መጠበቅ ነው የምለው፣ መሥራት አይደለም። አለቃችን ባለ ቀይ እስክሪብቶ ሰው ነበሩ። ፕሮግራሙ ላይ አንዲት መስመር ለመቀየር ሦስት ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ሦስተኛው የሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ አይፈርሙም። "ይኼ ነገር ሳይኖር እስካሁን እንዴት ኖርን?" ብለው ይጠይቁና ወረቀቱን ይመልሱልኛል። እንደዚያ ስጠላው የኖርኩትን ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ሀርጌሳ ላይ እናፍቀዋለሁ ብሎ ማን ያስባል?

ባለቤቴ ደምሴ የአየር መንገድ ሰው ነው። እሱ ወደ ሀርጌሳ ቢሮ ሲዛወር ሥራዬን ለቅቄ ተከተልኩት። አንድ ኮሌጅ ውስጥ ፕሮግራሚንግ ማስተማር ጀመርኩ። ልጆቹ ኤዶ ይሉኝ ጀመር፤ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ በዚሁ ነው የምጠራው። አምስት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ በር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ቆማ ጠበቀችኝ። በጥሩ አማርኛ፣ "ኤዶ፣ ሆዳን እባላለሁ። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። የጨዋታ ኩባንያ ልከፍት ነው፤ ኮዱን የሚመራልኝ ትልቅ ሰው እፈልጋለሁ" አለችኝ።

"ልጄ፣ እኔ ደመወዝ ነው የማሰላው። ጨዋታ ተጫውቼም አላውቅ።"

"ደመወዝ ተሳስተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲህ እሱን ነው የምፈልገው" አለች።

ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ፣ ሦስት ክፍል ተከራየች። መጀመሪያ አምስት ነበርን። ከመካከላችን ሁለቱን ማስተዋወቅ አለብኝ። አንዷ ሠዓሊያችን ሳህራ ናት፤ ዝምተኛ፣ ጣቷ ሁልጊዜ እርሳስ የነካው። ሌላው አዴር ጃማ ናቸው። አዴር አጎት ማለት ነው። ሀርጌሳ ተወልደው ድሬዳዋ አድገው፣ ከዚያ ውጭ አገር ሄደው ትልልቅ የጨዋታ ኩባንያዎች ውስጥ ሃያ ዓመት በፈታሽነት ሠርተዋል። ፈታሽ ማለት ጨዋታው ገበያ ሳይወጣ እየተጫወተ ስሕተቱን እያደነ የሚያወጣ ሰው ነው። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተው፣ ቤት መቀመጥ ሲሰለቻቸው ሆዳን አገኘቻቸው። አማርኛቸው የድሬዳዋ ነው፤ ሲስቁ ቢሮው ሁሉ ይሰማል።

ሥራ የተማርኩት ከሳቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ ወረቀት በሩ ላይ ለጠፉና ጻፉበት፦ "አንድ ነጋዴ፣ ስድስት ግመል፣ ከባሕር እስከ ሀረር።" ጨዋታችን ይኼው ነው። ተጫዋቹ ከበርበራ ተነስቶ የግመል ቅፍለቱን እየመራ ሀረር ይገባል፤ ምን እንደሚጭን፣ የትኛው የውኃ ጉድጓድ ጋ እንደሚያድር፣ የታመመ ግመል ጥሎ ይሂድ ወይስ ይቁም፣ እሱ ይወስናል። አዴር ጃማ ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ስልክ ይይዛሉ። አንዱ የራሳቸው ነው። ሌላው ከዋሄን ገበያ የገዙት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ ነው፤ "ይኼ አለቃችን ነው" ይሉታል። አዲስ ነገር በሠራን ቁጥር እሱ ላይ ጭነው ዋሄን ይሄዳሉ፤ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ጋ ይቀመጡና ስልኩን ይሰጧታል። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አይናገሩም። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ቃል እንዳያመልጣቸው።

አንድ ቀን አብሬ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጉድጓዱን ማየት አቅቷት ጣቷን ወዲያ ወዲህ ስታንከራትት አላስቻለኝም፤ "በግራ በኩል" አልኳት።

አዴር ጃማ ዞር ብለው አዩኝ። ስንመለስ፣ "እህቴ፣ ጨዋታው ሲሸጥ አንቺም አብረሽ ትሸጫለሽ?" አሉኝ።

"አልሸጥም።"

"ታዲያ ማን ይነግራታል? ጉድጓዱ ራሱ ይንገራት።"

በማግስቱ ሳህራ ጉድጓዱ ላይ ወፎች እንዲያንዣብቡ አደረገች። ሴትዮዋ ወዲያው አገኘችው።

ሳህራ ግመሉን ለመሳል ሁለት ወር ሙሉ ወደ ከብት ገበያው ተመላልሳለች። ግመል እንደ ሌላ እንስሳ አይራመድም፤ የአንድ ጎን ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ የሌላውን ጎን፤ ለዚህ ነው እንደ ጀልባ የሚወዛወዘው። ይኼን በእጇ አንድ በአንድ ሳለችው። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ሲራመድ ያየን ቀን አዴር ጃማ "ማሻአላህ" አሉ።

የመረጥነው ኤንጂን ትንሽ ነበር። ኤንጂን የሚባለው ጨዋታው የሚገነባበት መሠረት ነው፤ ሥዕሉን የሚያወጣው፣ ድምፁን የሚያሰማው፣ ጣት ሲነካው የሚያውቀው እሱ ነው። የኛው ጠፍጣፋ ሥዕል እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ግን በተሰነጠቀው ስልክ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። በስምንተኛው ወር ጨዋታው ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር።

ከዚያ ማበጥ ጀመረ።

ማንም በክፋት አላሳበጠውም። ሆዳን አንድ ጠዋት፣ "ኤዶ፣ በርበራ ላይ ገበያ ቢኖርና ተጫዋቹ ዋጋ ቢከራከርስ?" አለች። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። "ይቻላል" አልኳት። በሳምንቱ ዝናብና ድርቅ መጣ። ይቻላል። ግመል ማርባት። ይቻላል። ከዚያም ከሌላ ሰው ቅፍለት ጋር መንገድ ላይ በኢንተርኔት መገናኘት። ይኼኛው እንኳ በቀላሉ እንደማይቻል አውቅ ነበር፤ ግን ያንኑ አልኩ። አዴር ጃማ ደብተራቸውን ይገልጡና፣ "መልካም፤ ይኼ ይግባ። ምን ይውጣ?" ይላሉ። ምንም አይወጣም። ሆዳን ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ።

ለምን እንደዚያ አደረግኩ? አሁን በግልጽ እናገራለሁ። ከኔ በታች የሚሠሩት ልጆች በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። አይቻልም ካልኩ፣ "ለሷ ነው የማይቻለው፣ አርጅታለች" የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ባለ ቀይ እስክሪብቶውን ሰውዬ መሆን ፈራሁ።

በዚህ መሐል ሆዳን ውጭ አገር አንድ ትልቅ የጨዋታ ኤግዚቢሽን አይታ መጣች። ዓይኗ ያበራል። በዚያ ያየቻቸው ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቹ ዓለሙን ዞሮ ያየዋል፤ ጥላው ይንቀሳቀሳል፣ አቧራው ይነሳል። ጨዋታ በገንዘቡ አሠርቶ ገበያ የሚያወጣ አንድ የውጭ አሳታሚ ኩባንያ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ካሳያችሁን ገንዘቡን እንሰጣለን ብሏታል። እነዚያ ጨዋታዎች ወደተሠሩበት ትልቅ ኤንጂን ብንዛወር ስንት ጊዜ ይፈጃል ብላ ጥናት እንዳቀርብ አዘዘችኝ።

አዴር ጃማ የተሰነጠቀውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "አለቃውን ጠይቁት" አሉ። ማንም አልጠየቀውም። እኔ አራት ገጽ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይ "በስድስት ወር ይቻላል" ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ያን ወረቀት ዛሬም አስቀምጬዋለሁ።

ስድስቱ ወር አሥራ ስምንት ሆነ። አሥራ አራት ሰው ደረስን። አዲሱ ኤንጂን በየጊዜው አዲስ እትም ያወጣል፤ ባዘመንነው ቁጥር ትናንት የሠራነው ይሰበራል። የሳህራ ሥዕሎች ጠፍጣፋ በመሆናቸው ለአዲሱ አልሆኑም፤ ተጣሉ። የግመሉን አካል በአዲስ መልክ ቀረጸችው፤ አካሄዱን ግን በእጅ ለመሥራት ሦስት ወር ጠየቀችኝ። ሦስት ወር የለኝም። ገበያ ላይ የተዘጋጀ የአራት እግር እንስሳ አረማመድ አለ፤ ገዝቼ ገጠምኩት። ሳህራ አየችውና ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

"ኤዶ፣ ግመል እንዲህ አይሄድም።"

"አውቃለሁ ልጄ። በኋላ እናስተካክለዋለን።"

"ይኼ ፈረስ ነው።"

"በኋላ አልኩሽ እኮ!"

ጮኼባት አላውቅም ነበር። ምንም ሳትመልስ ወደ ቦታዋ ሄደች።

አሳታሚዎቹ ሊመጡ ሦስት ሳምንት ሲቀር የተሰነጠቀውን ስልክ ከአዴር ጃማ ተዋስኩና እስከዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስንፈትሸው የቆየነውን ጨዋታ ጫንኩበት። ለመከፈት ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ከተከፈተ በኋላ ጀርባው እንደ ምጣድ ጋለ፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሳይደረስ ስልኩ ጠፋ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው። ይኼን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስልኩን መለስኩላቸው። "እንዴት ነው?" ሲሉኝ፣ "ትንሽ ይቀረዋል" አልኩ። በሦስት ሳምንት አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አላስተካከልኩትም።

የማሳያው ቀን አንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተን የከተማውን ሰው ጠራን። ከአሳታሚው የመጡት ሁለት ሰዎች ፊት ረድፍ ተቀመጡ። ትልቁ ስክሪን ላይ በርበራ ሲታይ ሰው አጨበጨበ፤ ባሕሩ ያበራል፣ ጀልባዎቹ ይናወጣሉ። ሆዳን ማይክሮፎኑን ይዛ ፈገግ ብላ ቆማለች። ከዚያ ግመሉ ወጣና መራመድ ጀመረ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ በሶማልኛ ጮክ ብለው፣ "ይኼ እኮ ፈረስ ነው! ፈረሱ ላይ ሻኛ ያወጣበት ማን ነው?" አሉ። ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። ሰዎቹ ክፋት የላቸውም፤ ግን ሀርጌሳ ውስጥ ግመል የማያውቅ ሰው የለም። አሳታሚዎቹ አስተርጓሚውን ምን ተባለ ብለው ሲጠይቁ አየሁ። ለተመልካች ያዘጋጀናቸው ስልኮች ደግሞ አንድ በአንድ እየጋሉ ጠፉ። ሳህራ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። አልሳቀችም፤ ወደኔም አላየችም።

በአራተኛው ቀን አሳታሚው በአጭር ደብዳቤ ይቅርብን አለ። ሆዳን ከአሥራ አራታችን ዘጠኙን ማሰናበት ግድ ሆነባት። ሳህራ ከዘጠኙ አንዷ ናት።

ከስንብቱ በኋላ የቀረነው አምስት ሰዎች ተሰበሰብን። ሆዳን ፊቷ አብጧል። "ስልኮቹ እንደዚያ እንደሚሆኑ ማንም አያውቅም ነበር?" አለች።

"እኔ አውቅ ነበር" አልኩ። "ከሦስት ሳምንት በፊት ሞክሬዋለሁ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አሮጊት ናት እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው። መጀመሪያም ስድስት ወር ይበቃል ያልኩት ለዚሁ ነው። ዛሬውኑ እለቃለሁ።"

ሆዳን ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከኔ ይልቅ እሷ ትልቅ ሰው መሰለችኝ። "መልቀቅ ቀላል ነው፣ ኤዶ" አለች። "ዘጠኝ ሰው የተሰናበተው ምንም ሳይወጣ እንዲቀር አይደለም። እንጨርሰዋለን። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ ይሂዱ።"

በነጋታው አዴር ጃማ ወረቀት በመቀስ ቆራርጠው መጡ። ጨዋታው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በአንዳንድ ቁራጭ ላይ ጻፍን፤ ገበያው፣ ዝናቡ፣ እርባታው፣ ኢንተርኔቱ፣ ሁሉም። ወለሉ ላይ ዘረጋነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ። አዴር ጃማ እያንዳንዱን እያነሱ፣ "ይኼ ባይኖር ነጋዴው ሀረር መግባት ያቅተዋል?" ይላሉ። አያቅተውም ከተባለ ካርቶን ውስጥ ይገባል። እርባታው ገባ። ኢንተርኔቱ ገባ። የበርበራው ገበያ ተራ ሲደርስ ሆዳን አዴር ጃማን በእጇ አስቆመቻቸው፤ ከሁሉ የምትወደው እሱን ነበር። ከዚያ ራሷ አንስታ ጣለችው። ወለሉ ላይ አሥራ አንድ ወረቀት ቀረ።

ኤንጂኑን በዚህ ጊዜ በወሬ አልመረጥኩም። ሦስት ኤንጂን ወሰድኩ፤ በእያንዳንዱ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ሠራሁ፦ ግመል ወደ ጉድጓድ መጥቶ ውኃ ይጠጣል። ሦስቱንም የተሰነጠቀው ስልክ ላይ ጫንኩ። ለመክፈት ምን ያህል ይፈጃል፣ ባትሪው ምን ያህል ይወርዳል፣ ጀርባው ለእጅ ይጋላል ወይ፤ ሁሉን ጻፍኩ። ትልቁ ወደቀ። የቀድሞው ትንሹ አለፈ፤ ግን የሠሪዎቹ ድጋፍ ቆሞ ነበር። ሦስተኛው በነፃ የሚሰጥ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነው፤ ሲበላሽ ገብቼ አንብቤ ራሴ የምጠግነው። ሪፖርቴ አንድ ገጽ ነበር። ምን እንደማይችልም ጻፍኩበት፤ ከሚችለው ይልቅ የማይችለው ይበዛል። ሆዳን አንብባ ፈረመች።

የቀረን ግመሉ ነበር። ባጃጅ ተሳፍሬ ሳህራ ቤት ሄድኩ። ለሱቆች ምልክት፣ ለሠርግ ካርድ እየሳለች ነበር። እናቷ ሻይ አቀረቡልኝ፤ ሳልቀምሰው ጀመርኩ።

"ሳህራ፣ ልክ ነበርሽ። አልሰማሁሽም፤ ጮኽኩብሽም፤ አንቺ እንጀራሽን አጣሽ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

እርሳሷን አስቀመጠች። "ኤዶ፣ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲስቅ የሳቁት በኔ መሰለኝ። ከብት ገበያ ያስተማሩኝ ሽማግሌዎች እዚያ ነበሩ።"

"በኔ ነው የሳቁት" አልኳት።

"ይቅር ብያለሁ፣ ወላሂ" አለች። "ቢሮው ግን አልመለስም። ግመሉን ከዚሁ ከቤቴ እሠራላችኋለሁ፤ እግሩን ከኔ ሌላ ሰው አይነካውም። በጽሑፍ ይሁን።"

በጽሑፍ ሆነ። ያረቀቅሁት እኔው ነኝ።

ዘጠኝ ወር ሠራን። በአምስተኛው ወር አዴር ጃማ ልባቸውን ታመው ቤት ዋሉ። በየሳምንቱ አዲሱን ሥራ እንልክላቸዋለን፤ እሳቸው ተኝተው ይጫወቱና በድምፅ መልእክት ይመልሳሉ። ድምፃቸው እየደከመ ነበር፤ ትችታቸው ግን አልደከመም። "ሦስተኛው ጉድጓድ ጋ ግመሉ ውኃ ሳይሆን ድንጋይ እየጠጣ ነው፤ በስንት ነገር ነው የምታስተክዙኝ?" ይላሉ። ከልጆቹ አንዱ አዲስ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ "ምን ይውጣ?" የምለው አሁን እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ተኮራረፍን። አንድ ጊዜ ሆዳን ራሷ የአሸዋ ማዕበል እንዲጨመር ፈልጋ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በሦስተኛው ቀን መጥታ፣ "ይቅር" አለችና ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የቀሩትን ስሕተቶች አብረን አረምን። ይህ ሥራ መቼ ያልቃል እያልኩ እጨነቅ ነበር፤ ያን ሳምንት ግን እንደሚያልቅ አወቅሁ።

ጨዋታው ሲወጣ አዴር ጃማ ቤታቸው ተኝተው ነጋዴውን ሀረር አስገቡት። ልጃቸው ደውላ አገናኘችንና እሳቸው፣ "አልሐምዱሊላህ፤ ስሕተት ፈልጌ አጣሁ፤ ምን ልሥራ እንግዲህ?" ብለው ሳቁ። ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዱላ ይዘው ይራመዳሉ።

ጨዋታው ዓለምን አላናወጠም። ቢሮውን ከመዘጋት አዳነ፤ ለቀጣዩ ሥራ ሰው አስቀጠረ፤ ይኼ በቂ ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርቼ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ይብቃኝ። ጨዋታው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ቲማቲም ልገዛ ዋሄን ሄድኩ። አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ የእጅ ጋሪው ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። አጎንብሼ አየሁ፤ ቅፍለቱ የሀረር በር ላይ ደርሷል። ግመሎቹ እየተወዛወዙ ገቡ። የሰውዬው ፊት ግን አልበራም።

በተሰባበረ ሶማልኛዬ፣ "ደረስክ እኮ፤ ደስ አላለህም?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ የማላውቃት ሴት ምን አገባት የሚል አይመስልም፤ ነገሩ አሳስቦታል። "በስድስት ግመል ተነስቼ በአራት ነው የገባሁት፣ ኤዶ" አለ። "ሁለቱን በራሴ ጥፋት ነው የገደልኳቸው። ሁለተኛውን ጉድጓድ በጥድፊያ አልፌው ነው።"

"ታዲያ አሁን ምን ልታደርግ ነው?"

"ስድስቱንም ይዤ ነው የምገባው" አለና ከበርበራ ጀምሮ እንደገና ይጭን ጀመር።